ስምን ፊደል ያወጣዋል

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን እኛ። ጃፓን አገር ግን መልአኩ ድምፁን ሹክ ብሎ ቢሄድም ሥራው ገና በግማሽ ነው። አባትና እናት ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው ፊደል መምረጥ አለባቸው። የልጁ ስም ምን ማለት እንደሆነ የሚታወቀውም ያን ጊዜ እንጂ ቀድሞ አይደለም።

ይህን ለማለት ያነሳሳኝ አንድ ነገር ነው። የጃፓን ወንዶች ልጆችን ስም ከነትርጉሙ ደርድረው የሚያቀርቡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትና ዝርዝሮች ሞልተዋል። ቅርጻቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በግራ በኩል ስም፣ በቀኝ በኩል ትርጉም፤ የእህል በረንዳ ዋጋ ይመስል። አኪራ ማለት «ብሩህ» ነው። ኢቺሮ ማለት «የመጀመሪያ ወንድ ልጅ» ነው። ማኮቶ ማለት «እውነት» ነው። ዳይሱኬ ማለት «ታላቅ ረዳት» ነው። አንባቢ ይህን ይዞ የጃፓን ልብ ወለድ ይገልጣል፣ የጃፓን ፊልም ያያል፤ ስሙን ባየ ቁጥር ትርጉሙን ያገኘ ይመስለዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከእነዚህ ዝርዝሮች ጋር ነው። ከዳር እስከ ዳር ሐሰት ናቸው ማለቴ አይደለም። ጥፋታቸው ስምን ከሰጪው ነጥለው ማቅረባቸው ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ፊደል፣ ምን ፈርቶ ወይም ምን ተመኝቶ እንዳወጣው ሳይነግሩን «ትርጉሙ ይኸውላችሁ» ማለታቸው።

(ጃፓኖች የቤተሰቡን ስም አስቀድመው የልጁን ያስከትላሉ፤ እኔም ከዚህ በታች እንደ እነሱ እጽፋለሁ። ዓመቶቹም «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኢቺሮ እንጀምር። ይህን ስም በዓለም ያስተዋወቀው የቤዝቦል ተጫዋቹ ሱዙኪ ኢቺሮ ነው፤ በ2025 አሜሪካኖች ለታላላቆቹ ተጫዋቾች ወዳቆሙት የዝና አዳራሽ የተመረጠው። ዝርዝሩን ይዞ ለሚመጣ ሰው ነገሩ ያለቀ ነው። «ኢቺ» አንድ፣ «ሮ» ወንድ ልጅ፤ ስለዚህ በኩር። ሰውዬው ግን ለአባቱ ሁለተኛ ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድም አለው። በዚህም አያበቃም። ስሙን የሚጽፍበት የ«ሮ» ፊደል «ወንድ ልጅ» የሚለው ፊደል አይደለም። በመልክ እጅግ የሚቀራረበው፣ በትርጉሙ ግን «ጥርት ያለ፣ ፍልቅልቅ» የሆነው ሌላ ፊደል ነው። እንግዲህ ዝርዝሩ በአንዲት አጭር ስም ላይ ሁለት ጊዜ ሳተ ማለት ነው። የሳተውም ትርጉሙን ከድምፁ ውስጥ ሲፈልግ ነው።

የጃፓን ቋንቋ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይጻፋል። ሁለቱ እንደኛ ፊደል ድምፅን ብቻ ያመለክታሉ። ሦስተኛው ከቻይና የመጣው ካንጂ ነው፤ ይኸኛው ሐሳብም ይሸከማል። አንዱ የካንጂ ፊደል ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ንባብ አለው፤ አንዱ ድምፅም በብዙ ፊደላት ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ «አኪራ ብሩህ ማለት ነው» ሲባል «የትኛው አኪራ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የፊልም ሠሪው የኩሮሳዋ አኪራ ስም የሚጻፍበት ፊደል ፀሐይና ጨረቃ ጎን ለጎን የቆሙበት ነው። ሌላው አኪራ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ብርሃን ባለበት ፊደል ይጻፋል። ሦስተኛው ደግሞ «የተገለጠ፣ ጎልቶ የታየ» በሚል ፊደል ይጻፋል፤ ይህን የሚመርጥ አባት ለልጁ ከብርሃኑ ይልቅ ዝናውን የተመኘለት ይመስለኛል። በጆሮ ሦስቱም አንድ ናቸው። በወረቀት ላይ ሦስት ልጆች ናቸው።

ተገላቢጦሹም አለ። «ትልቅ» እና «በሰማይ መንሳፈፍ» የሚሉት ሁለት ፊደላት ተጣምረው የሚጻፉት ስም በአዲሱ ትውልድ ዘንድ በጣም ተወዶ ነበር። አንዱ ቤት ሂሮቶ ብሎ ያነበዋል፤ ሌላው ሃሩቶ፣ ሌላው ያማቶ ይለዋል። አስተማሪ አዲስ የተማሪዎች መዝገብ ሲቀርብለት ከመጥራቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

ይህን የሚያነብ የኛ ሰው ሰምና ወርቅ ትዝ ይለው ይሆናል። ነገሩ ግን ይለያል። በቅኔው ሰሙም ወርቁም በጆሮ በኩል ይገባሉ፤ ጆሮው የነቃ ሰው ሳይጻፍለት ወርቁን ያወጣል። እዚህ ግን ጆሮ የፈለገውን ያህል ቢነቃ ከድምፁ አልፎ አይሄድም። ጃፓኖች ራሳቸው ሲተዋወቁ «አኪራ እባላለሁ» ካሉ በኋላ የትኛው አኪራ እንደሆኑ ጣታቸውን በመዳፋቸው ላይ እያስኬዱ፣ ወይም ፊደሉ የሚገኝበትን ሌላ ቃል እየጠቀሱ ያስረዳሉ።

በትርጉም ላይ ያለውን ችግር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የራሳችንን ፊደል እንይ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ካሳተሙ ወዲህ የጃፓንን ስም በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ 90 ዓመት አልፎናል። ፊደላችን ለዚህ ሥራ ከላቲኑ የማያንስባቸው ቦታዎች አሉ፤ ተነባቢና አናባቢ አዋህዶ መጻፍ የጃፓንም ጠባይ ነውና። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ጃፓንኛ አጭሩንና ረጅሙን አናባቢ ይለያል። «ኦኖ» የሚባል የቤተሰብ ስም አለ፤ «ኦ»ው ሲያጥር «ትንሽ መስክ» ነው፣ ሲረዝም «ትልቅ መስክ» ነው። እኛ ሁለቱንም «ኦኖ» ብለን እንጽፋለን። ትልቁና ትንሹ በአንድ ፊደል ገቡ ማለት ነው። በዚህ ላይ ካንጂውም ቀርቷል። ስለዚህ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ያለ የጃፓን ስም ልብሱ ተገፎ የቆመ ሰው ነው።

ደግነቱ እነሱም እኛን እንዲሁ አድርገውናል። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ዳግመኛ ካሸነፈ በኋላ ስሙ በጃፓን ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቀው ሆነ። የተጻፈው ግን ለባዕድ ቃላት በተመደበው ካታካና በሚባለው የድምፅ ፊደል ነበር፤ ሦስት ፊደል ለአበበ፣ ሦስት ፊደል ለቢቂላ። አንዱ ስም በአማርኛ ማበብን፣ ሌላው በኦሮምኛ መብቀልን እንደሚናገር ካታካናው አይገልጽም። የበቀለው ያበበውን ወልዶ፣ ያበበው ቶኪዮ ድረስ ሮጦ፣ ጃፓኖች የሰሙት «አ-ቤ-ቤ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

ወደ ጃፓን ወንዶች ልጆች እንመለስ። ዝርዝሮቹ ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግሩት ስም ታሪክ ሲኖረው ነው። በ«ሱኬ» የሚጨርሱ ስሞችን ሁሉ «ረዳት» እያሉ ይተረጉማሉ። ሱኬ በጥንቱ ቤተ መንግሥት ከአለቃው ቀጥሎ ያለው ሹም መጠሪያ ነበር፤ ምክትል እንደማለት። ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ እንደየመሥሪያ ቤቱ ይለያይ ነበር፤ የሚኒስቴሩ ምክትል በአንድ ፊደል፣ የክፍለ ሀገሩ ምክትል በሌላ፣ የአነስተኛው መሥሪያ ቤት ምክትል በሌላ። ሹመቱ ከዘመናት በፊት ባዶ ስም ሆኖ ቀረ፤ ፊደሎቹ ግን በሰው ልጆች ስም ላይ ተንጠልጥለው እስከ ዛሬ ይኖራሉ። ደራሲው ናትሱሜ ሶሴኪ፣ ደራሲው አኩታጋዋ ርዩኖሱኬ፣ በ1980ዎቹ የትምህርት ቤቱን ግቢ የሞሉት ዳይሱኬዎች፣ ሦስቱም ሦስት የተለያየ የሱኬ ፊደል ነው የደረሳቸው።

«ሶሴኪ ውስጥ ሱኬ የታለ?» የሚል አይጠፋም። ሶሴኪ የብዕር ስሙ ነው። አባትና እናቱ ያወጡለት ኪንኖሱኬ ነው። በ1867 የተወለደባት ዕለት በቀን አቆጣጠራቸው ክፉ ተብላ የምትፈራ ነበረች፤ በዚያ ቀን የተወለደ ልጅ ሌባ ይሆናል ይባላል። መድኃኒቱም ተነግሯል፤ በስሙ ውስጥ «ወርቅ» ወይም «ብረት» የሚለውን ፊደል ማስገባት። «ኪን» ያ ፊደል ነው። ዝርዝሩን ብንጠይቀው «የወርቅ ረዳት» ሊለን ነው። ሰዎቹ ግን ወርቅ አልተመኙም፤ ልጃቸው እንዳይሰርቅ ክታብ አሰሩለት። የአኩታጋዋም እንዲሁ ነው። በ1892 በዘንዶ ዓመት፣ በዘንዶ ወር፣ በዘንዶ ቀን ተወለደ፤ «ርዩ»ም ዘንዶ ነው። እዚህ ስሙ ምኞትም አይደለም፣ ማስታወሻ ነው። የትውልድ ቀን መዝገብ በሉት።

ክታብነቱ ከዚህ የከፋበት ጊዜ ነበር። ጃፓንን አንድ ያደረገው የጦር ሰው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ልጅ ሳይወልድ ቆይቶ በ1589 ወንድ ልጅ አገኘ። ያወጣለት የልጅነት ስም ሱቴ ነበር፤ «የተጣለ» ማለት ነው። የተጣለ ልጅ ያድጋል የሚል እምነት ስለነበረ ነው። ልጁ ግን በ1591 ሞተ። በ1593 ሌላ ወንድ ልጅ ሲወለድለት ስሙን ሂሮይ አለው፤ «የተገኘ፣ የተነሣ»፤ ሌላ ሰው ጥሎት እሱ ያነሣው እንዲመስል። ምትኩንና ማስረሻን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ዝርዝር አያሻውም። «የተጣለ» የሚለው ስም ትርጉሙ «እንዳትወስደው» ነው። መዝገበ ቃላቱ ከሚለው ፍጹም ተቃራኒ!

በዚያ ዘመን የአንድ ወንድ ልጅ ስም አንድ ብቻ አለመሆኑንም መርሳት አይገባም። የሕፃንነት ስም አለ፤ ለአካለ መጠን ሲደርስ የሚቀበለው አለ፤ ከዚያም በኋላ እንደ ሁኔታው ይለወጣል። (ካሳን ቴዎድሮስ ላደረግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።) ከሂዴዮሺ በኋላ የነገሠው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ በ1543 ተወልዶ ታኬቺዮ ተባለ። ልጅነቱን ያሳለፈው ኢማጋዋ ዮሺሞቶ በተባለ መስፍን እጅ መያዣ ሆኖ ነው። ለአካለ መጠን ሲደርስ መስፍኑ ከገዛ ስሙ አንዲት ፊደል ቆርሶ ሰጠው፤ «ሞቶ»ን። ልጁ ሞቶኖቡ ሆነ፤ ቀጥሎም ሞቶያሱ። ፊደሉ በስሙ ላይ እስካለ ድረስ የማን ሰው እንደሆነ ሁሉም ያነበዋል። ዮሺሞቶ በ1560 በኦኬሃዛማ ጦርነት ተገደለ። በ1563 ወጣቱ «ሞቶ»ን ከስሙ ላይ አውልቆ ኢዬያሱ ተባለ። ጦር ሳይመዝ፣ ደብዳቤ ሳይጽፍ፣ አንዲት ፊደል በመጣል ብቻ ከእንግዲህ የኢማጋዋ ሎሌ አለመሆኑን ለአገር አስታወቀ። እኔ ስለ ጃፓን ስም ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚበልጥ አላገኘሁም። የስም ዝርዝሩ ግን «ኢዬያሱ፦ ቤትና ሰላም» ብሎ ያልፈዋል።

የሕፃንነት ስም ነገር ያልገባው ተመልካች የኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954) ዋና ቀልድ ያጣዋል። ሚፉኔ ቶሺሮ የሚጫወተው ለፍላፊ ሰው ሳሙራይ ነኝ ብሎ የዘር ሐረግ የተጻፈበት ጥቅልል ይዘረጋል፤ ጣቱንም «ኪኩቺዮ» በሚል ስም ላይ ያሳርፋል። ሽማግሌው ሳሙራይ የልደቱን ዓመት አይቶ ይቆጥርና ይሥቃል፤ በጥቅልሉ መሠረት ሰውዬው 13 ዓመቱ ነው። ቀልዱ በዓመቱ ላይ ብቻ አይደለም። በ«ቺዮ» የሚጨርስ ስም የመሳፍንት ሕፃናት ስም ነው፤ የኢዬያሱን ታኬቺዮ አስታውሱ። ጺማምና አስፈሪው ጎልማሳ የማሙሽ ስም ነው የሰረቀው። «ኪኩ» አበባ ነው፣ «ቺዮ» ሺህ ትውልድ ነው የሚለው የዝርዝር ትርጉም ልክ ነው፤ ግን በዚህ ትዕይንት ውስጥ ምንም አይሠራም።

ኩሮሳዋ ቀልዱን ጀምሮ አልተወውም። ሰውዬው የገበሬ ልጅ መሆኑ ይገለጣል፤ እውነተኛ ስሙን ግን እስከ መጨረሻው አንሰማም። ጓዶቹ በሹፈት ኪኩቺዮ እያሉ ይጠሩታል፤ እሱም ቀስ በቀስ ስሙን እየሞላው ይሄዳል። ለመንደሩ በተሠራው ሰንደቅ ላይ ስድስቱ ሳሙራዮች ስድስት ክቦች ናቸው፤ እሱ ብቻውን ሦስት ማዕዘን ነው። በኋላ በ«ዮጂምቦ» (1961) ይኸው ሚፉኔ ስሙን ሲጠየቅ በመስኮት የእንጆሪ ቅጠል ማሳ ያያል፤ «የእንጆሪ ማሳ ሠላሳ-ዓመቱ» ብሎ ራሱን ይሰይማል፤ ዕድሜውም ወደ አርባ እየተጠጋ መሆኑን ያክላል። በሚቀጥለው ዓመት ፊልም ደግሞ ያየው ካሜሊያ የሚባል የአበባ ዛፍ ስለሆነ የቤተሰብ ስሙ ካሜሊያ ይሆናል። «ሳንጁሮ» የሚለውን ስም «ሠላሳኛ ልጅ» ብሎ የተረጎመ ዝርዝር ቢኖር አልደነቅም። ሰውዬው ግን ስም የሌለው መሆኑን ነው የሚነግረን።

ፊልሞቹ የሚተርኩት ስም እንደ ልብስ ስለሚወልቅበት ዘመን ነው። ያ ዘመን ያበቃው በወረቀት ነው። አዲሱ የሜጂ መንግሥት በ1872 የቤተሰብ መዝገብ አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ስም መለዋወጥን ከለከለ። በ1875 ተራው ሕዝብ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ ወንድ ልጅ በአንድ ስም ተወልዶ በዚያው ስም ይሞታል። የወላጅ ምርጫም ከበደ፤ ልጁ ሲያድግ የሚጥለው ፊደል የለውምና።

መንግሥትም በበኩሉ ወደ ስሞቹ ገባ። ሾዋ የተባለው ዘመነ መንግሥት በ1926 መጨረሻ ላይ ሲታወጅ፣ ከዚያ በፊት በስም ላይ ብዙም የማይታይ የነበረው የ«ሾ» ፊደል በአንድ ጊዜ ገነነ። ወላጆች በሾዋ ሁለተኛ ዓመት ለተወለደው ከ«ሁለት» ጋር፣ በሦስተኛው ለተወለደው ከ«ሦስት» ጋር እያጣመሩ ሰጡ። በጦርነቱ ዓመታት «ማሳሩ» ገነነ፤ በ«ድል» ፊደል የሚጻፈው። የተወለዱት አገራቸው በ1945 ስትሸነፍ በእግራቸው መሄድ የጀመሩ ነበሩ፤ «ድል» የሚል ስም ይዘው በፍርስራሽ ውስጥ አደጉ። ከሰላሙ በኋላ ለረጅም ጊዜ የበላይ የሆነው ማኮቶ ነው። «እውነት» መባሉ አይከፋም፤ ሆኖም የሚጻፍበት ፊደል በአንድ ጎኑ «ንግግር»፣ በሌላው «መፈጸም» የሚል ምልክት አለው። እኔ በአማርኛ «ቃሉን የማያጥፍ» ብለው እመርጣለሁ። ያ ትውልድ ከጦርነቱ መግለጫዎች በኋላ ለልጆቹ ይህን መምረጡ እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም። ይህ የእኔ ግምት ነው።

በ1948 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ለስም የሚፈቀዱትን ፊደላት ወሰነ። በ1951 ሕዝቡ ስላማረረ 92 ፊደላት ለስም ብቻ ተጨመሩ፤ ከዚያም እየተጨመረ ሄዶ በ2017 የተፈቀደው ሁሉ 2,999 ደረሰ። ቀደም ሲል ያነሣሁት «በሰማይ መንሳፈፍ» የሚለው ፊደል የተፈቀደው በ1981 ነው። ወዲያው በጃፓን ሰማይ ላይ ልጆች መንሳፈፍ ጀመሩ። «የጃፓን ጥንታዊ ስም» ተብለው በዝርዝር ውስጥ ከሚገኙት መካከል ስንቱ ከዚህ ወዲህ የመጣ እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

የተፈቀዱ ፊደላትም ቢሆኑ ሁሉን ነገር አይፈቱም። በ1993 በቶኪዮ አካባቢ ባለችው በአኪሺማ ከተማ አንድ አባት ወንድ ልጁን «አኩማ» ብሎ ለማስመዝገብ መጣ። ትርጉሙ ሰይጣን ነው። ሁለቱም ፊደላት ከተፈቀዱት ውስጥ ነበሩ። ጽሕፈት ቤቱ በመጀመሪያ ተቀብሎ ኋላ ሰረዘው፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ አገሩም በሙሉ ተከፈለ። በ1994 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ስሙ ልጁን የሚጎዳና በስም አውጪነት መብት አላግባብ መጠቀም መሆኑን ተናገረ፤ ነገር ግን አንዴ የተቀበሉትን መሰረዝ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ለአባትየው ፈረደ። ከተማው ይግባኝ አለ። በዚያው መካከል አባትየው ሌላ ስም አስመዝግቦ ነገሩ ቆመ። በዚህ ጉዳይ ላይ ስለ ትርጉም የተከራከረ ሰው አልነበረም፤ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ክርክሩ ስሙ የማን ነው የሚል ነበር፤ የሰጪው ወይስ የሚሸከመው?

አንድ አስገራሚ ነገር ልጨምር። ከ1872 ጀምሮ ከ150 ዓመት በላይ የጃፓን የቤተሰብ መዝገብ የስሙን ፊደል እንጂ ንባቡን አይዝም ነበር። በሕግ ፊት ልጁ የሚታይ እንጂ የሚጠራ ስም አልነበረውም! ንባቡ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር የተደረገው ከግንቦት 2025 ወዲህ ነው፤ ከፊደሉ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ንባብም እንዳይመዘገብ ተደንግጓል። ዝርዝሮቹ ድምፁን ይዘው ፊደሉን ሲጥሉ፣ መንግሥቱ ፊደሉን ይዞ ድምፁን ትቶ ነበር።

የመጨረሻው ምስክሬ ኦኤ ኬንዛቡሮ ነው። በ1994 የኖቤል ሽልማት ያገኘውና በ2023 ያረፈው ደራሲ። («ዛቡሮ» የሦስተኛ ወንድ ልጅ ምልክት ነው፤ እሱስ በእርግጥም ሦስተኛ ወንድ ልጅ ነበር። ዝርዝሮቹ አንዳንዴ ይሳካላቸዋል።) በ1963 የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ የራስ ቅሉ ላይ ከባድ ጉድለት ነበረው። ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ይሞታል፤ ቢደረግለትም እንደ ሌላው ልጅ አይሆንም። ኦኤ በዓመቱ ባሳተመው «የግል ጉዳይ» በተባለ ልብ ወለድ ዋናው ሰው «በርድ» ወይም ወፍ በሚል ቅጽል እንጂ በስም አይጠራም፤ ለተወለደለት ልጅም ስም ማውጣት ይሸሻል። ስም ያለውን ልጅ እንዲሞት መተው ይከብዳልና። በመጨረሻ ሲገደድ ያወጣለት በወጣትነቱ ጥሎት የሄደውን ጓደኛውን ስም ነው። ስለ ስም አወጣጥ ካነበብኳቸው ገጾች እንደነዚህ ያስጨነቁኝ የሉም። ኪኩሂኮ የሚለው ስም በፊደል ምን እንደሚል እዚያ ማንም አይጠይቅም፤ አባትየው አንድ ጊዜ የካደውን ሰው ስም ዳግመኛ ሊክደው በተዘጋጀው ልጅ ላይ ሲያደርገው እናያለን።

በገሐዱ ዓለም ኦኤ ለልጁ ያወጣውን ስም ታሪክ ራሱ ተናግሮታል። በዚያ ሰሞን በፈረንሳዊቷ ፈላስፋ በሲሞን ቬይ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የኤስኪሞዎች ተረት አንብቦ ነበር። በዓለም መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ሳለ አንዲት ቁራ መሬት ላይ ምግቧን ስትለቅም፣ ብርሃን ቢኖር ኖሮ ብላ ከልቧ ተመኘች፤ ወዲያው ብርሃን ሆነ። ኦኤ ለእናቱ «ልጁን ካራሱ እለዋለሁ» አላቸው፤ ቁራ ማለቱ ነው። እናቱ ተቆጥተው ጥለውት ሄዱ። በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቆ ስሙን ሂካሪ አለው።

ሂካሪ ከቀዶ ሕክምናው ተርፎ አደገ፤ ንግግሩ ጥቂት ቢሆንም ሙዚቃ ደራሲ ሆነ። አባቱ በልብ ወለዶቹ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲያስገባው በቅጽል ስም፣ «ኢዮር» እያለ ነበር፤ በእንግሊዞች የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ባለው አህያ ስም። በ1983 በታተመው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ልጁ 20 ዓመት ሊሞላው ሲል ከአዳሪ ቤት ለእረፍት ይመጣል። ራት ቀርቦ በቅጽል ስሙ ይጠሩታል። ይሰማል፤ አይነቃነቅም። አባትየው ግራ ይጋባል። ታናሽ ወንድሙ ነው የገባው፤ ከእንግዲህ በእውነተኛ ስሙ መጠራት ይፈልጋል። «ሂካሪ» ብለው ሲጠሩት ተነሥቶ ወደ ገበታው መጣ።

«ሂካሪ»ን በዝርዝሮቹ ውስጥ የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በሴቶች ስም ክፍል ነው። ትርጉሙ «ብርሃን» ይላል። ቁራዋ የለችም።